ሮናልድ ፊሸር

ሮናልድ ኤይልመር ፊሸር (እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 1890 እስከ ጁላይ 29 ቀን 1962) እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስና የጄኔቲክስ ሊቅ ነበር። ዛሬ በልዩ ልዩ የሳይንስ ዘርፎች የሚሠራባቸው ብዙ ዘዴዎች፣ ለምሳሌ የቫሪያንስ ትንተና፣ በዕጣ የተደለደለ ሙከራና የማቀያየር ፍተሻ፣ ከእርሱ ሥራ የመነጩ ወይም በእርሱ እጅ መልክ የያዙ ናቸው። በእርሱ ዘመን የሰውን አንጎል በኤምአርአይ መሣሪያ ማየት አይታወቅም ነበር። ሆኖም የዛሬ ተመራማሪዎች የሁለት ቡድን ሰዎችን የአንጎል ትስስር ሲያነጻጽሩ ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው በአብዛኛው የሚጠቀሙት የፊሸርን መሣሪያዎች ነው። በሌላ በኩል ለዩጄኒክስ የነበረው ድጋፍና ስለ ሲጋራ የያዘው የተሳሳተ አቋም ስሙን እስከ ዛሬ አከራካሪ አድርገውታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

ፊሸር የተወለደው በለንደን ከተማ ኢስት ፊንችሌይ በተባለ ሰፈር ነው። አባቱ ጆርጅ ፊሸር የሥነ ጥበብ ሥራዎችን በጨረታ የሚሸጥ ድርጅት ባለ ድርሻ ስለነበር ቤተሰቡ በምቾት ይኖር ነበር። ሮናልድ 14 ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፤ ብዙም ሳይቆይ የአባቱ ንግድ ከሰረ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን የቀጠለው በነፃ የትምህርት ዕድል ነው።

ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ በጣም ደካማ ነበር። በሃሮው ትምህርት ቤት ሳለ ዓይኑን እንዳይጎዳ በማታ መብራት ማንበብ ስለተከለከለ፣ የሒሳብ መምህሩ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በቃል ያስተምረው ነበር። ተማሪው ጥያቄዎችን በአእምሮው በሥዕል መልክ እያየ መፍታት ተማረ። ይህ ልማድ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖረ። ሌሎች በብዙ ገጽ አልጀብራ የሚደርሱበትን ውጤት እርሱ የናሙናን ቁጥሮች በብዙ አቅጣጫ በተዘረጋ ቦታ ላይ እንዳለች አንዲት ነጥብ አድርጎ በመመልከት ይደርስበት ነበር። የማረጋገጫውን እርምጃዎች ስለሚዘልም ጽሑፎቹ ለብዙ አንባቢዎች ከባድ ነበሩ።

በ1909 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጎንቪልና ኪስ ኮሌጅ ገባ፤ በ1912 በሒሳብ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ባሳተመው የመጀመሪያ ጽሑፉ በኋላ ማክሲመም ላይክሊሁድ ብሎ የሰየመውን የግምት ዘዴ መነሻ አቀረበ።

ሥራ ፍለጋና ከፒርሰን ጋር የተፈጠረው ጠብ

ከምረቃ በኋላ ያሉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ለተወሰነ ጊዜ በካናዳ በእርሻ ሠራ፤ ቀጥሎ በለንደን በአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ተቀጠረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ለውትድርና ቢያመለክትም በዓይኑ ምክንያት አልተቀበሉትም። ስለዚህ በጦርነቱ ዓመታት በትምህርት ቤቶች ፊዚክስና ሒሳብ አስተማረ። በ1917 ሩት አይሊን ጊነስን አገባ፤ ስምንት ልጆችም ወለዱ።

በ1915 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ላይ የተዛምዶ መጠን በናሙና ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየውን ትክክለኛ ቀመር አወጣ። ተዛምዶ ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ የሚለካ ቁጥር ሲሆን ከ-1 እስከ 1 ይደርሳል። የመጽሔቱ አዘጋጅ በጊዜው ትልቁ የስታቲስቲክስ ሰው ካርል ፒርሰን ነበር። በ1917 ፒርሰንና ባልደረቦቹ በዚሁ ጉዳይ ላይ ባወጡት ጥናት ፊሸር ያልያዘውን ግምት እንደያዘ አድርገው ተቹት። ፊሸር በዚህ በጣም ተቀየመ። በ1922 ደግሞ ፒርሰን በካይ-ስኩዌር ፍተሻ የነፃነት ዲግሪን አቆጣጠር እንደተሳሳተ አሳየ፤ ሁለት ረድፍና ሁለት ዓምድ ላለው ሠንጠረዥ ትክክለኛው ቁጥር ሦስት ሳይሆን አንድ ነው። ፊሸር ትክክል ነበር፤ ጠቡ ግን ፒርሰን በ1936 እስኪሞት ድረስ አልበረደም።

ሮትሃምስተድ

በ1919 ፊሸር ሁለት አማራጭ ቀረበለት። አንዱ በፒርሰን ሥር በለንደን መሥራት ነበር። ሌላው ከለንደን በስተ ሰሜን በሃርፐንደን ከተማ በሚገኘው በሮትሃምስተድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ጊዜያዊ ሥራ ነበር። ሁለተኛውን መረጠ። ጣቢያው ከ1843 ጀምሮ በስንዴ ማሳዎች ላይ የልዩ ልዩ ማዳበሪያዎችን ውጤት ሲመዘግብ ቆይቶ ነበር። የተከማቸው መዝገብ ብዙ ቢሆንም ከውስጡ አስተማማኝ መልስ ማውጣት ግን አስቸጋሪ ነበር።

ችግሩ ለማንም ገበሬ ግልጽ ነው። አንዱ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ቢደረግና ምርቱ ቢበልጥ፣ ልዩነቱ ከማዳበሪያው ይሁን ከአፈሩ ወይም ከውኃው አይታወቅም። ፊሸር ለዚህ ሦስት መፍትሔዎችን አስተባበረ። የመጀመሪያው ድግግሞሽ ነው፤ አንዱ ማዳበሪያ በብዙ ቁራሽ መሬት ላይ ይሞከራል። ሁለተኛው ብሎክ ነው፤ ተመሳሳይ አፈር ያላቸው ቁራሾች በአንድነት ተመድበው በመካከላቸው ብቻ ይነጻጸራሉ። ሦስተኛውና አዲሱ ዕጣ ነው፤ የትኛው ቁራሽ የትኛውን ማዳበሪያ እንደሚያገኝ ሰው አይመርጥም። በዚያን ጊዜ ብዙ ባለሙያዎች ጥንቃቄ ያለው ሰው ከዕጣ የተሻለ መደልደል ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። ፊሸር ግን የስሕተትን መጠን በታማኝነት ማስላት የሚቻለው ድልድሉ በዕጣ ሲሆን ብቻ መሆኑን አስረዳ።

አጠቃላይ መለዋወጡን ከማዳበሪያ፣ ከዝርያ፣ ከብሎክና ከአጋጣሚ በመጣ ክፍል የሚከፋፍለው ስሌት የቫሪያንስ ትንተና ተባለ። በ1923 ከአንዲት ባልደረባው ጋር ባሳተመው ጽሑፍ በድንች ዝርያዎች ላይ ሠራበት። ስሌቱን ሁሉ የሚያካሂደው በእጅ በሚዞር የሒሳብ ማሽን ነበር። በ1925 ያሳተመው ለተመራማሪዎች የሚሆን የስታቲስቲክስ ዘዴዎች መጽሐፍ ዘዴዎቹን የሒሳብ ምሁር ላልሆኑ ሰዎች አደረሰ። በኢትዮጵያም የግብርና ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ ሲሞክሩ ማሳውን በብሎክና በዕጣ መደልደላቸው የዚህ ሥራ ውጤት ነው።

የሻይ ሙከራ

በሮትሃምስተድ በአንድ የሻይ ሰዓት ሙሪየል ብሪስቶል የተባለች የአልጌ ተመራማሪ ወተቱ ከሻዩ በፊት ይቀዳ ወይስ በኋላ በጣዕሙ መለየት እንደምትችል ተናገረች። ፊሸር በ1935 ባሳተመው የሙከራ አነዳደፍ መጽሐፉ ይህን የሚመስል ታሪክ የሴትየዋን ስም ሳይጠራ ለማስተማሪያነት ተጠቀመበት።

ስምንት ሲኒዎች ይዘጋጃሉ፤ አራቱ ወተት ቀድሞ የተቀዳባቸው፣ አራቱ ሻይ ቀድሞ የተቀዳባቸው ናቸው። ሲኒዎቹ በዕጣ ቅደም ተከተል ይቀርባሉ። ከስምንት ሲኒ አራት መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 70 ናቸው። ስለዚህ ምንም የመለየት ችሎታ የሌለው ሰው ሁሉንም በግምት የሚያገኝበት ዕድል ከ70 አንድ፣ ማለትም 1.4 በመቶ ያህል ነው። ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱን የሚያገኝበት ዕድል ግን ከ70 ውስጥ 17፣ ማለትም 24 በመቶ ያህል ነው። ሦስት ማግኘት እንግዲህ ምንም አያስረዳም። መጽሐፉ የሙከራውን ውጤት አይናገርም፤ የፊሸር ዓላማ ምን ዓይነት ውጤት እንደ ማስረጃ እንደሚቆጠር ሙከራው ሳይጀመር መወሰን እንዳለበት ማሳየት ነበር።

በዚሁ መጽሐፍ ቻርልስ ዳርዊን በ15 ጥንድ የበቆሎ ተክሎች ላይ የለካውን የቁመት ልዩነት በአዲስ መንገድ ፈተሸ። በየጥንዱ ያለው ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ ከሆነ ምልክቱ መደመርም መቀነስም ሊሆን ይችል ነበር። ለ15 ጥንድ ሊኖሩ የሚችሉት የምልክት ድርድሮች 32,768 ናቸው። ፊሸር ከእነዚህ ስንቶቹ ከተገኘው ውጤት የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ልዩነት እንደሚሰጡ ቆጠረ። ይህ የማቀያየር ፍተሻ ይባላል። በማሽን ለሚሰላ ሥራ እንጂ ለእጅ የሚመች ስላልነበረ ለረጅም ጊዜ ብዙም አልተሠራበትም።

የዜድ ቅየራ እና የአንጎል ትስስር

በ1915 የጀመረውን የተዛምዶ ጥናት ፊሸር በ1921 አስፋፋው። ተዛምዶ 1ን ማለፍ ስለማይችል ቁጥሮቹ ወደ ጫፉ ሲጠጉ ይጨናነቃሉ፤ መለዋወጣቸውም በየቦታው እኩል አይደለም። እርሱ ያወጣው ቀመር ይህን መጨናነቅ ይፈታዋል። ለምሳሌ 0.10 እና 0.15 ሲቀየሩ ልዩነታቸው 0.05 ያህል እንደሆነ ይቀራል፤ 0.90 እና 0.95 ሲቀየሩ ግን ልዩነታቸው ወደ 0.36 ይሰፋል። ይህ ስሌት የፊሸር ዜድ ቅየራ ይባላል።

ቀመሩ ዛሬ በብዛት ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱ የአንጎል ትስስር ጥናት ነው። አንድ ሰው በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ይተኛል፤ መሣሪያውም በየሁለት ሰከንዱ ያህል የአንጎሉን ምልክት ይመዘግባል። አንጎሉ፣ ለምሳሌ፣ በ90 ክፍሎች ቢከፈል በየጥንዱ መካከል ያለው ተዛምዶ ይሰላል፤ ለአንድ ሰው ብቻ 4,005 ቁጥሮች ይገኛሉ። ተመራማሪዎች እነዚህን ቁጥሮች ወደ ዜድ ከቀየሩ በኋላ የሕሙማንን ቡድን ከጤነኞች ቡድን ጋር ያነጻጽራሉ።

በዚህ ንጽጽር የሮትሃምስተድ ትምህርቶች ሁሉ ይመለሳሉ። ከአንድ ሰው የተወሰዱ 200 ምስሎች እንደ 200 ሰዎች አይቆጠሩም፤ ድግግሞሽ የሚባለው የሰዎቹ ብዛት ነው። ሕመም በዕጣ ሊታደል ስለማይችል በቡድኖቹ መካከል ያለው የዕድሜ፣ የፆታና የመሣሪያ ልዩነት በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። ሕሙማኑ ሁሉ በአንድ ሆስፒታል፣ ጤነኞቹ ሁሉ በሌላ ሆስፒታል ከተነሡ የተገኘው ልዩነት የሕመሙ ይሁን የመሣሪያው በምንም ስሌት አይለይም። በ2012 ገደማ የወጡ ጥናቶች በመሣሪያው ውስጥ የሚደረግ ጥቂት የራስ መነቃነቅ ብቻውን የትስስር ልዩነት መስሎ እንደሚታይ አሳይተዋል። ሕፃናት ከአዋቂዎች ይልቅ ስለሚነቃነቁ፣ የእድገት ውጤት ነው የተባለ አንዳንድ ግኝት እንደገና መመርመር ነበረበት።

የብዙ ንጽጽር ችግር

ፊሸር በ1925 መጽሐፉ ከ20 አንድ፣ ማለትም 5 በመቶ፣ ለመነሻ የሚመች ወሰን መሆኑን ጽፎ ነበር። ይህ ወሰን በኋላ ሰዎች ሳያስቡ የሚከተሉት ሕግ ሆነ፤ እርሱ ራሱ ግን በመጨረሻ ዓመታቱ በሁሉም ሁኔታ አንድ ወሰን መያዝን ተቃውሟል። ለእርሱ አንድ ነገር እንደተረጋገጠ የሚቆጠረው በጥሩ ሁኔታ የተነደፈ ሙከራ በተደጋጋሚ ተመሳሳይ ውጤት ሲሰጥ ነበር።

የአንጎል ትስስር ጥናት የወሰኑን አደጋ በግልጽ ያሳያል። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ 4,005 ትስስሮች እያንዳንዳቸው በ5 በመቶ ወሰን ቢፈተሹ በአማካይ 200 ያህሉ የተለዩ መስለው ይወጣሉ። በ2009 የቀረበ አንድ ጥናት ይህን ለማሳየት የሞተ ሳልሞን ዓሣ በኤምአርአይ አነሣ፤ እርማት ያልተደረገበት ስሌትም በሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴ እንዳለ አሳየ።

ቀላሉ እርማት በጣሊያናዊው ካርሎ ቦንፈሮኒ ስም የሚጠራው ሲሆን ወሰኑን በንጽጽሮቹ ብዛት ያካፍላል። ይህ ጥብቅ ስለሆነ እውነተኛ ልዩነትንም ሊደብቅ ይችላል። ሌላው መንገድ የፊሸር የማቀያየር ፍተሻ ነው። የእያንዳንዱ ሰው መረጃ እንዳለ ሆኖ ሕመምተኛ ወይም ጤነኛ የሚለው መለያ ብቻ በዕጣ ይቀያየራል፤ በየጊዜው ከ4,005ቱ ውስጥ ትልቁ ልዩነት ይመዘገባል። ይህ በሺዎች ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ በእውነተኛው መለያ የተገኘው ልዩነት ከእነዚህ ጋር ይነጻጸራል። አሥር ሕሙማንና አሥር ጤነኞች ብቻ ቢኖሩ እንኳ መለያዎቹ በ184,756 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። በ1935 አድካሚ የነበረው ቆጠራ ዛሬ በተራ ላፕቶፕ በአጭር ጊዜ ያልቃል። መለያዎቹ የሚቀያየሩት ግን ያለ ልዩነት ሊቀያየሩ በሚችሉ ሰዎች መካከል ብቻ ነው፤ ሁለት መሣሪያዎች ካሉ መቀያየሩ በየመሣሪያው ውስጥ መሆን አለበት። ይህም የፊሸር ብሎክ ነው።

ጄኔቲክስ እና ዩጄኒክስ

ፊሸር በሥነ ሕይወትም ትልቅ ስም አለው። በ1918 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ቁመት ያሉ ቀስ በቀስ የሚለያዩ ባሕርያት ከብዙ የሜንዴል ጂኖች ድምር ሊመጡ እንደሚችሉ አሳየ። ቫሪያንስ የሚለውን ቃል ለስታቲስቲክስ ያስተዋወቀውም በዚህ ጽሑፍ ነው። በ1930 የታተመው የተፈጥሮ ምርጫ የጄኔቲክስ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ ዳርዊንንና ሜንዴልን ካስታረቁ ዋና ሥራዎች አንዱ ሆነ። በ1936 ደግሞ ኤድጋር አንደርሰን የሰበሰባቸውን የ150 አይሪስ አበቦች ልኬቶች በመጠቀም ቡድኖችን የሚለይ ዘዴ አቀረበ። ይህ መረጃ እስከ ዛሬ የማሽን ለርኒንግ ጀማሪዎች መለማመጃ ነው።

ይሁን እንጂ የ1930ው መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፎች ስለ ዩጄኒክስ የተጻፉ ናቸው። ዩጄኒክስ የሰውን ዘር ማን ይውለድ ማን አይውለድ በማለት ማሻሻል ይቻላል የሚል ትምህርት ነበር። ፊሸር በተማሪነቱ በ1911 በካምብሪጅ የዩጄኒክስ ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነው። ከ1933 እስከ 1943 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የዩጄኒክስ ፕሮፌሰር ነበር። የአእምሮ ድካም አለባቸው የተባሉ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲመክኑ የሚያስችል ሕግ ደግፏል፤ ሕጉ ግን በብሪታንያ አልወጣም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩኔስኮ ስለ ዘር ባወጣው መግለጫም ላይ በሰው ዘሮች መካከል በተፈጥሮ የአእምሮ ችሎታ ልዩነት አለ በማለት ተቃውሞ አቅርቧል።

ስለ ሲጋራ የተነሣው ክርክር

በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ሲጋራ ማጨስ ከሳንባ ካንሰር ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ፒፓ የሚያጨሰው ፊሸር ከ1957 ጀምሮ ድምዳሜውን በይፋ ተቃወመ። ክርክሩ ሰዎቹ ለማጨስ በዕጣ ስላልተደለደሉ ለማጨስም ለካንሰርም የሚያጋልጥ አንድ የተሰወረ ጂን ሊኖር ይችላል የሚል ነበር። በዚያ ጊዜ የትምባሆ አምራቾች አማካሪም ነበር።

ጥያቄው በራሱ ትክክለኛ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው የራስ መነቃነቅ ችግርም ያው ጥያቄ ነው። ነገር ግን በ1959 ጀሮም ኮርንፊልድና ባልደረቦቹ መልስ ሰጡበት። አጫሾች ዘጠኝ እጥፍ አደጋ ካለባቸው፣ ይህን ብቻውን ሊያስረዳ የሚችል የተሰወረ ምክንያት በአጫሾች ዘንድ ቢያንስ ዘጠኝ እጥፍ መብዛት አለበት፤ እንዲህ ያለ ነገርም አልተገኘም። ፊሸር ሌሎች ማስረጃዎችን በሚመዝንበት ጥብቅ ሚዛን የራሱን መላምት አልመዘነም። ክርክሩ ለትምባሆ ኩባንያዎች መከታ ሆኖ ማገልገሉ በጣም ከተተቸባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ከ1943 እስከ 1957 በካምብሪጅ የጄኔቲክስ ፕሮፌሰር ነበር። በ1943 የበኩር ልጁ ጆርጅ በአየር ኃይል አብራሪነት ሲያገለግል ሞተ። በካምብሪጅ ካስተማራቸው መካከል ሕንዳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሲ. አር. ራዎ ይገኛል። በ1952 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። በ1959 ወደ አውስትራሊያ አዴሌይድ ተዛውሮ በዚያ ሲሠራ ቆየ። ጁላይ 29 ቀን 1962 ከካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ በተከሰተ ችግር በ72 ዓመቱ አረፈ። አጽሙ በአዴሌይድ ቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ይገኛል።

ውርስ

በ2020 ኪስ ኮሌጅ ለፊሸር መታሰቢያ የነበረውን የመስታወት መስኮት በዩጄኒክስ አቋሙ ምክንያት አነሣ። በመስኮቱ ላይ የነበረው ላቲን ስኩዌር የተባለ የሙከራ ንድፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም በየረድፉና በየዓምዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በስሙ ይሰጥ የነበረው የስታቲስቲክስ ሽልማት ስሙ ተለወጠ።

ዘዴዎቹ ግን በሥራ ላይ ናቸው። አንድ ተመራማሪ ሁለት ቡድኖችን ሲያነጻጽር ስንት ሰው እንዳለው፣ በምን እንደሚለያዩ፣ ስንት ጊዜ እንደፈተሸና ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል እንደሆነ መጠየቁ ከፊሸር የተማረው ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ፊሸር ስለ ሲጋራም ሆነ ስለ ሰው ዘር የተናገረውን ለመመርመርም አገልግለዋል።